ከሽለታው በኋላ

ሥራውን ያስተማሩኝ አሜሪካዊት ባልቴት አንዲት እንስት አልፓካ የገዙት በአዲስ መኪና ዋጋ ነው። እኔ የዚያችኑ እንስት የልጅ ልጅ በ200 ዶላር ገዛኋት። እንስሳዋ አልተጓደለችም፤ ፀጉሯ እንዲያውም ከአያቷ ይሻላል። የተለወጠው ገበያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ስንት ቤተሰብ ያጠራቀመውን ገንዘብ በዚህ እንስሳ አጥቷል፤ አሁን ደግሞ ከአገሬ ልጆች አንዳንዶቹ ቪዲዮ እያዩ «እናርባ» ማለት ጀምረዋል። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ የተወለድኩት ከመሐል ሜዳ ወጣ ባለ መንደር ነው። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ከአውሮራ በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ይነዳል። እኔ በሳምንት ጥቂት ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቀኑ የአሥራ አራቱ አልፓካዎቼ ነው። መጀመሪያ የሄድኩት የባልቴቷን በረት ለማጽዳት ነበር። ግንቦት ላይ ሽለታ ደርሶ ፀጉሩን በእጄ ስይዘው ልቤ እዚያው ቀረ። አያቴ የበግ ፀጉር በደጋን ስትነድፍ፣ በእንዝርት ስትፈትል እያየሁ ነው ያደግሁት። የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ነው፤ እጄ የለመደው እሱን ነበር። ይኼኛው በጣቶቼ መሀል ሾልኮ ይሄዳል።

አልፓካ ሻኛ የሌለው የግመል ዘመድ ነው። ከትከሻው እስከ መሬት አንድ ሜትር አይሞላም፤ ክብደቱ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ግድም ይሆናል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ቪኩኛ ከሚባለው የዱር እንስሳ አላምደው ያወጡት ከ6,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ትልቁ ዘመዱ ላማ ጭነት ይሸከማል፤ አልፓካ ግን ከጥንት ጀምሮ የተመረጠው ለፀጉሩ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ብሎ ወደ ውጪ የሚቆመው ዋካያ ይባላል፤ ከአሥር አልፓካ ዘጠኙ እሱ ነው። ፀጉሩ ተገማምዶ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ደግሞ ሱሪ ይባላል። ከፊት በኩል የላይ ጥርስ ስለሌለው ሣሩን በድዱና በታች ጥርሱ ይዞ ይቆርጠዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። የእግሩ መርገጫ ለስላሳ ስለሆነ መሬቱን አያቆስልም። መንጋው ሁሉ በጠጡን የሚጥለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ለጠራጊ ትልቅ እረፍት ነው። እንስቷ ከ11 ወር በላይ አርግዛ አንድ ትወልዳለች፤ መንታ በጣም ብርቅ ነው። ብዙ ጊዜ የምትወልደውም በቀን ብርሃን ነው።

ዛሬም የአልፓካ አገር ፔሩ ነው። በዓለም ካለው አልፓካ አብዛኛው፣ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ፣ እዚያ ይገኛል። የሚረባው እህል በማይበቅልበት ውርጭ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ነው። የመንዝ ሰው ብርዱን ያውቀዋል፤ እነሱ ግን ከእኛም በላይ ከፍ ብለው ነው የሚኖሩት። ጄን ዊለር የተባሉ ተመራማሪ በደቡብ ፔሩ ኤል ያራል ከሚባል ቦታ የወጡ፣ 1,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው የደረቁ የአልፓካና የላማ በድኖች መርምረው፣ ፀጉራቸው ከዛሬዎቹ የቀጠነና አንድ ወጥ ሆኖ አግኝተውታል። ስፓኞች አገሩን ሲይዙ መንጋውም እረኛውም አለቀ። የተረፈው ወደ ተራራው ጫፍ ተገፋ፤ ከላማ ጋር ተዳቀለ፤ ፀጉሩም ሻከረ። ማኩሳኒ በምትባለው ከተማ አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዘር ሲመርጡ የኖሩት ዶን ሁሊዮ ባሬዳ ሲደክሙ የነበሩት ያንን የጠፋ ጥራት ለመመለስ ነው። እ.አ.አ. በ2006 ሲያርፉ አኮዮ የተባለው የመንጋቸው ዘር በየአህጉሩ የሚፈለግ ሆኖ ነበር።

ፀጉሩን ለአውሮፓ ገበያ ካስተዋወቁት ሰዎች ዋነኛው ቲተስ ሶልት የተባለ የብራድፎርድ ሰው ነው። እ.አ.አ. በ1836 ሊቨርፑል ወደብ መጋዘን ውስጥ ፈላጊ አጥቶ የተከማቸ የአልፓካ ፀጉር አየ፤ ናሙና ወስዶ ሞከረውና ሌላው ነጋዴ የናቀውን ገዛ። እንዴት እንደሚፈተልና ከሌላ ክር ጋር እንዴት እንደሚሸመን ደክሞ አወቀበት። በ1853 ሶልቴር በሚባለው ቦታ ግዙፍ ፋብሪካ ከፈተ። ሀብቱ የመጣው ከጨርቅ ነው። ዛሬም በፔሩ የአልፓካ ገንዘብ የሚዞረው ትልልቆቹ መፍተያዎች ባሉባት በአሬኪፓ ከተማ ነው፤ ተራራው ላይ ላለው እረኛ የሚደርሰው ለደላላ የሸጠው የጥሬ ፀጉር ዋጋ ብቻ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን ትርፉ የት እንዳለ በግልጽ ያሳያል።

አሜሪካ ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። አልፓካ ለንግድ ወደዚህ መግባት የጀመረው እ.አ.አ. በ1984 ነው። እንስሳው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነበር። አርቢዎቹ መዝገብ አቋቋሙ፤ የእያንዳንዱ እናትና አባት በደም ምርመራ እየተረጋገጠ ይመዘገባል። በ1998 መጨረሻ መዝገቡ ከውጭ ለሚመጣ አልፓካ ተዘጋ። ርካሽ እንስሳ ከፔሩ ገብቶ ዋጋውን እንዳይጥለው ማለት ነው። እንስቷ በዓመት ከአንድ በላይ ስለማትወልድ ቁጥሩ ቶሎ አይጨምርም፤ ዋጋው ብቻ ይወጣል። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ተለቀቀ፤ ከከተማ ወጥታችሁ በሰላም ኑሩ፣ ከግብርም ይቀነስላችኋል እየተባለ። ዘሯ የታወቀ እንስት 20,000 ዶላርና ከዚያ በላይ አወጣች። በጨረታ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ የተከፈለበት አውራም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፀጉሩን የሚጠይቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። አርቢው ግልገሉን የሚሸጠው ለጀማሪ አርቢ ነው፤ ጀማሪው ደግሞ በተራው ለሌላ ጀማሪ። ብዙ በረት ውስጥ ፀጉሩ በከረጢት ተሞልቶ ጣሪያ ሥር ይቀመጥ ነበር፤ የባልቴቷ በረት ውስጥ የብል ሲሳይ የሆነ ብዙ ከረጢት አውጥቻለሁ። እ.አ.አ. በ2005 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የግብርና ኢኮኖሚ ባለሙያዎች የሆኑት ቲና ሳይቶንና ሪቻርድ ሴክስተን የእንስሳው ዋጋ ከፀጉሩ ሊገኝ ከሚችለው ገቢ ጋር ፈጽሞ እንደማይመጣጠን፣ ሊዘልቅም እንደማይችል ጻፉ። አርቢዎቹ ተቆጡ። በ2008 የገንዘብ ቀውስ መጣ፤ አዲስ ገዢ ጠፋ፤ የተባለውም ደረሰ። በብድር ገዝተው ያረቡ ሰዎች መንጋቸውን አንዱን በጥቂት መቶ ዶላር ሸጡት፤ የድርቆሽ መግዣ ያጡት በነጻ ሰጡት። ባልቴቷና ባለቤታቸው ቤታቸውን አላጡም፤ ጡረታ የሚወጡበትን ጊዜ ግን ብዙ ገፋባቸው።

እንግዲህ እኔ የገባሁት ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ እንስሳው ሲረክስ። መንጋዬ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ሙክት ነው። ሙክት አይወልድም፣ አያስወልድም፤ ግን በየዓመቱ ፀጉር ይሰጣል፣ ጠባዩም የረጋ ነው። ለፀጉር የሚያረባ ሰው ይኼ ይበቃዋል።

ሽለታ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ በእኛ በኩል ሙቀቱ ሳይገባ በግንቦት። ሸላቾቹ ከግዛት ግዛት የሚዞሩ ስለሆኑ ወረፋ የሚያዘው ገና በበረዶው ወራት ነው። ዋዜማውን ሰማዩን አያለሁ፤ ዝናብ ከሸተተኝ ሁሉንም በረት አስገብቼ እዘጋለሁ። እርጥብ ፀጉር በከረጢት ከገባ ይሻግታል። ከነጭ ጀምረን ወደ ጥቁር እንሄዳለን፤ የጥቁሩ ብናኝ ነጩ ውስጥ ከገባ ለቅሞ የሚያወጣው የለም። እንስሳው ምንጣፍ ላይ በጎኑ ይተኛል፤ የፊትና የኋላ እግሮቹ በገመድ ተይዘው ይዘረጋሉ። ለማያውቅ ሰው ጭካኔ ይመስላል። አልፓካ ቆሞ ሲሸለት ግን ይዘላል፤ ሲዘል ደግሞ ማሽኑ ቆዳውን ይከፍተዋል። እኔ ራሱን ይዤ፣ ዓይኑን በመዳፌ ጋርጄ እቀመጣለሁ። አንዳንዱ በአፍንጫው ረጅም ድምፅ እያሰማ ይተኛል፤ አንዳንዱ ይጮኻል፤ የሚተፋው አፉ ላይ ካልሲ ይደረግለታል።

ሸላቹ መጀመሪያ የሚያነሣው የጀርባውንና የጎኑን ነው። ይኼ ዋናው ፀጉር ሳይበጣጠስ አንድ ላይ መውረድ አለበት። ማሽኑ በቆዳው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ማለፍ አለበት፤ ደግሞ ከተመለሰበት አጫጭር ቁራጭ ይወጣል፣ ያ ቁራጭ ክር ውስጥ ገብቶ እንክብል ይሆናል። ልጄ ፀጉሩን በሁለት እጇ ከሥር ተቀብላ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ታሳርፈዋለች። የአንገቱ ለብቻው፣ የእግርና የሆዱ ለብቻው ይከረጠጣል። በዚያው የእግሩ ጥፍር ይቆረጣል፣ የረዘመ ጥርስ ይሞረዳል። አሥር ደቂቃ አይሞላም። ጨርቁ ላይ ያረፈው ፀጉር በውጪ በኩል አቧራና የድርቆሽ ብናኝ የለበሰ አዳፋ ነገር ነው። በሁለት እጅ ከፈት ሲያደርጉት ግን ውስጡ አዲስ ነው፤ ከቆዳው እስከ ጫፉ ጥቃቅን ሞገድ ይዞ ያበራል። እኔ እስካሁን አልጠገብኩትም። የተሸለቱት ወደ ግቢ ሲመለሱ ደግሞ አንገታቸው ቀጥኖ፣ ሰውነታቸው ግማሽ ሆኖ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ ግልገሎቹ እናታቸውን በጠረኗ እስኪያገኟት እየዞሩ ያላዝናሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ሥራው። ዋናውን ፀጉር የሽቦ ወንፊት በተወጠረበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አራግፈዋለሁ። አቧራውና ቁራጩ ወደ ታች ይወርዳል። ዳር ዳሩን፣ ወደ እግርና ወደ ደረት የሚጠጋውን፣ እየለየሁ አወጣለሁ፤ እዚያ ያለው ወፍራምና ቀጥ ያለ ፀጉር ነው ቆዳ የሚኮሰኩሰው። የፀጉር ውፍረት የሚለካው በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በፔሩ መስፈርት እስከ 23 ማይክሮን ያለው ቤቢ ይባላል፤ ከግልገል ባይሸለትም። ከ31.5 በላይ የሆነው ሻካራ ተብሎ ይለያል። ከ30 ያለፈው ፀጉር ከበዛበት አንገት ላይ የሚለበስ ነገር አይወጣውም። ከእያንዳንዱ እንስሳ ጎን ቁንጥር ቆርጬ ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ፤ ወረቀቱ አማካዩን ብቻ ሳይሆን በፀጉሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ጭምር ይነግረኛል። ልዩነቱ ከአማካዩ እኩል ያሳስበኛል፤ አማካዩ 22 ሆኖ ውስጡ ብዙ ወፍራም ካለ ሻርፑ ይኮሰኩሳል።

ወረቀቱ ቢኖርም ያለ እጅ አይሆንም። አሬኪፓ ውስጥ ፀጉሩን በእጅ እየዳሰሱ በየደረጃው የሚለዩት ሴቶች ናቸው፤ ይህን ሙያ ብዙ ዓመት ሲሠሩ የኖሩ። እኔም ስጠራጠር ከአንገቴ ሥር አስጠግቼ ትንሽ አቆየዋለሁ፤ ቆዳ አይዋሽም። የአልፓካ ፀጉር እንደ በግ ፀጉር ቅባት ስለሌለው ለማጠብ ቀላል ነው፤ ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ሳሙና ይበቃዋል። ብቻ እየነከሩ ማውጣት እንጂ ማሸት የለም፤ ከታሸ ተጣብቆ ቁርበት ይሆናል። ማቅለምም ግድ አይደለም። እዚህ ያሉ አርቢዎች ከነጭ እስከ ጥቁር 16 የተፈጥሮ ቀለም ይቆጥራሉ፤ ከነሱ መሀል ከዳማው ቡናማ የበለጠ የምወደው የለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ አልፓካዬ በዓመት ሦስት ኪሎ ገደማ ይሰጣል፤ ከዚያ ዋናው ፀጉር 1.3 ኪሎ ይሆናል። ወደ አነስተኛ መፍተያ ፋብሪካ ስልከው ለኪሎው 80 ዶላር ያህል ያስከፍለኛል፤ ስለዚህ ወደ 104 ዶላር። በሂደቱ የሚባክነው ወጥቶ አንድ ኪሎ ክር፣ ማለትም መቶ መቶ ግራም የሆነ አሥር ቱባ ይመለስልኛል። ቱባውን በ30 ዶላር ብሸጥ 300 ዶላር ነው። ከፋብሪካው ተርፎ እጄ ላይ የሚቀረው ወደ 200 ዶላር። ያ እንስሳ ግን በዓመት ከ400 ኪሎ በላይ ድርቆሽ ይበላል፤ ይኼ 250 ዶላር ነው። ሽለታው 40፣ መድኃኒትና ማዕድን 50። ድምሩ 340። ጥሬውን እንደተሸለተ ብሸጠውማ ለግማሽ ኪሎ ጥቂት ዶላር ብቻ ነው የማገኘው። «አልፓካ ያከብራል» የሚል ሰው ይህን ሒሳብ በእርሳስ ይሥራው።

ልዩነቱን የሚሞላው እጅ ነው። ከምርጦቹ ፀጉር የተወሰነውን ለፋብሪካ አልሰጥም፤ ራሴ አበጥሬ እፈትለዋለሁ። ከ150 ግራም ፈትል አንድ ሻርፕ ይወጣል፤ ያንን ሻርፕ በ140 ዶላር እሸጠዋለሁ፤ ያው ፀጉር በቱባ ቢሸጥ 45 ዶላር ነበር። የአንገቱን ፀጉር ለካልሲና ለኮፍያ የሚሆን ወፈር ያለ ክር አስፈትለዋለሁ። የእግሩንና የሆዱን በሙቅ ውሃና በሳሙና አሽቼ የጫማ ውስጥ ንጣፍ አደርገዋለሁ፤ በረዶ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ይሻሙበታል። በጠጡ እንኳ ሳይበሰብስ በቀጥታ አትክልት ሥር ይደረጋል፤ በጸደይ አውሮራ ያሉ እናቶች ለጎመናቸውና ለቃሪያቸው በከረጢት ይወስዱታል። ይኼ ሁሉ ተደምሮ ነው በረቱ ራሱን ችሎ ለእኔም የወር አስቤዛ የሚተርፈው። አንድ ፋብሪካ ደግሞ ፀጉሬን ከዓመት በላይ አስቀምጦ፣ የሌላ ሰው ሻካራ ፀጉር ቀላቅሎ የመለሰልኝ ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእጅ የምፈትለውን ድርሻ ጨመርኩት።

አፈታተሉም የራሱ ጠባይ አለው። የበግ ፀጉር እርስ በርሱ ይያያዛል፤ አልፓካ ያዳልጣል። ስለዚህ ክሩን ጠበቅ አድርጎ ማክረር ያስፈልጋል፣ ግን ከመጠን ካለፈ ገመድ ይሆናል። ሌላው ችግሩ መለጠጡ ነው። ከንጹሕ አልፓካ የተሠራ ሹራብ ከብዶ ይወርዳል፣ እጅጌው ይረዝማል። ለዚህ ሲባል ከአሥር እጅ ሁለቱን ወይም ሦስቱን የበግ ሱፍ መቀላቀል ጥሩ ነው። ሱፉ ቅርፁን ይይዝለታል፤ አልፓካው ሙቀቱንና ልስላሴውን ይሰጣል። በሰኔ ኢስትስ ፓርክ በምትባለው የተራራ ከተማ በሚካሄደው የሱፍ ገበያ ላይ እንዝርቴን ይዤ ቁጭ ስል ሰው ይከበኛል፤ በመንኮራኩር የሚፈትሉት አሜሪካውያን እንኳ ጭኔ ላይ ሳሽከረክረው ቆመው ያያሉ። ጠይቀውኝ ያስተማርኳቸው አሉ።

እንክብካቤው ከባድ አይደለም፣ ግን አይተውም። አልፓካ ብቻውን አይኖርም፤ ሁለት እንኳ ትንሽ ነው፣ ሦስት ይሁኑ። ከተኩላ መሰሉ ኮዮቴና ከጎረቤት ውሻ የሚከላከል ጠንካራ አጥር ያሻዋል። ከብርድ ይልቅ የሚገድለው ሙቀት ነው፤ በሐምሌ ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሆዱ ላይ የሚረጭ ጎማ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፤ በዚያ በኩል ነጭ ጅራት ያለው አጋዘን የሚያዛምተው ትል አለ። በቀንድ አውጣ በኩል ወደ አልፓካ ይገባና የጀርባ አጥንት ነርቩን ይጎዳል። እንስሳው ከኋላ እግሩ ይሰንፋል፣ ከዚያ አይነሣም። ስለዚህ እዚያ ያሉ አርቢዎች በየወሩ መርፌ ይወጋሉ። የእኛ ደረቅ ሜዳ ከዚህ በኩል ተሽሎናል።

የአክስቴ ልጅ ከመሐል ሜዳ ስትደውል ሁልጊዜ የምታነሣው አንድ ነገር ነው። «እህት ዓለሜ፣ ይኼ እንስሳሽ እኛ አገር አይሆነውም? ብርዱ አለ፣ ሣሩ አለ።» አየሩስ ይስማማው ይሆናል። ግን በሽታውን የሚያውቅ ሐኪም የለም፣ ቢታመም ማን ያድነዋል? አሳምሮ የሚፈትል ፋብሪካስ የት አለ? መንዝ ደግሞ በግ አለው። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ። በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ ማራቢያዎች ከእስራኤል የመጣውን አዋሲን ከመንዝ በግ ጋር ለሥጋም ለፀጉርም ሲያዳቅሉ ኖረዋል። ባለፈው አገር ቤት በሄድኩ ጊዜ ያየሁት ግን የተሸለተ ፀጉር አጥር ላይ ተሰቅሎ ዝናብ ሲበላው ነው። ነጋዴው የሚሰጠው ዋጋ የሸላቹን ድካም አይከፍልም አሉኝ። እዚህ አልፓካ ላይ ያየሁት ችግር እዚያም በግ ላይ አለ፤ ጥሬው ዋጋ የለውም። እኔም ለአክስቴ ልጅ እንዲህ አልኳት፤ ጥቁሩንና ቡናማውን ለይተሽ፣ የጀርባውን ከእግሩ ሳትቀላቅዪ፣ በደንብ አጥበሽ ፈትለሽ ላኪልኝ። ላከችልኝ። ክሩ ሻካራ ነው፣ ጥንካሬው ግን ልዩ ነው። ከነጭ አልፓካ ጋር ገምጄ ወለል ላይ የሚነጠፍ አሠራሁበት፤ ከገበያዬ ቀድመው ከሚያልቁት አንዱ እሱ ነው። አሁን ከጎረቤቶቿ ጋር ሆነው ነው የሚፈትሉት።

በቅርቡ ደግሞ አውሮራ ታክሲ የሚነዳ ልጅ ደወለልኝ። «እትዬ፣ አሥር እንስት ገዝቼ ልጀምር ነው» አለኝ። መሬት ተከራይቷል፣ ትንሽ ገንዘብም ይዟል። «የኔ ልጅ፣ አሥር እንስት አሥር ግልገል ነው፤ ግልገሉን ማን ሊገዛህ ነው?» አልኩት። በሦስት ሙክት ጀምር፣ አንድ ሽለታ እይ፣ ከዚያ ትወስናለህ ብዬ የት እንደሚያገኝ ነገርኩት። ስትገዛ የዘር ወረቀቱን መጨረሻ ላይ ጠይቅ አልኩት። መጀመሪያ እጅህን በጀርባ አጥንቱ ላይ አሳርፍ፤ ፀጉሩ ከስቶ የሞተውንም ወፍራም ስለሚያስመስል በዓይን አትመን። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጥ፤ ቀይ ካልሆነና ከነጣ ትል ደሙን እየመጠጠው ነው። ከዚያ የሦስት ዓመት የማይክሮን ወረቀት ጠይቅ፤ በየዓመቱ ቶሎ እየወፈረ የሄደ ከሆነ ተወው። ያለፈው ዓመት ፀጉር ካለ ከረጢቱን አስከፍተህ እጅህን እስከ ክርንህ አስገባ፤ የላዩን ብቻ አይተህ አትመለስ።

ሁሉንም ጻፈ። ቀጥዬ እናቱ አብራው ትኖር እንደሆነ ጠየቅሁት። ከጎንደር መጥታ ልጆቹን ታሳድግለታለች። «ጥጥ ትፈትላለች?» አልኩት። «ጋቢዬን ራሷ ናት የፈተለችው» አለኝ። እንግዲያው ቅዳሜ ይዘሃት ና፣ እንዝርቷንም እንዳትረሳ አልኩት።